የፀጉር ብር

ድሬዳዋ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ይህን የምታነበው ሐረር አክስትህ ቤት ሻንጣህን ስትፈታ ነው። ከወፍራሙ ሹራብ ስር ያስቀመጥኩት አውቄ ነው። ደብዳቤውን ካገኘህ ሹራቡንም አግኝተሃልና ልበሰው። ሐረር ማታ ማታ ይበርዳል። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ እያልክ በቲሸርት ስትንጎራደድ ጉንፋን ይዞህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንዳትቀር።

በስልክ ብነግርህ "እሺ እማ፣ እሺ፣ እሺ" ትልና ሦስተኛው እሺ ላይ ትዘጋብኛለህ። ለዚህ ነው የጻፍኩት። በጽሕፈቴ እንዳትስቅ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቀረ የእጅ ጽሑፍ ነው።

የምልህ አንድ ነገር ነው። ቢረፍድብህም ግባ። ትላንት ቀርተህ ከሆነ ዛሬ ግባ። የቤት ሥራ ባትሠራም ግባ። ዘበኛው ቢቆጣህ ይቆጣ፣ በቁጣ የሞተ ተማሪ የለም። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን እንዳትረሳ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ዩኒት ሊደሩ ጋ ሂድ። መሸኛውን እነሱ ያስቀሩታል። የዘጠነኛ ክፍል ካርድህን ግን ኮፒውን ስጥ፣ ዋናውን አሳይተህ ወደ ቦርሳህ መልስ። አራት ኮፒ አድርጌልሃለሁ፣ ከጉርድ ፎቶዎችህ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ዩኒፎርሙ ሱሪ ከረዘመብህ አክስትህ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ወስዳ ታሳጥርልሃለች። እዚያ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ቆመህ እየጠበቅካቸው ይጨርሱልሃል።

አሁን ስለዚያ ቀን ልጻፍ። ነሐሴ ላይ እዚያው ሐረር ዳይሬክተሩ ቢሮ ስለገባንበት ቀን። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም። ሚኒባስ ውስጥ አንተ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ሰካህ፣ እኔ አወዳይ ላይ የወረደውን የጫት ጭነት እያየሁ ዝም አልኩ።

ስንሄድ አልቅሼ ልለምን ተዘጋጅቼ ነበር። ነጠላዬን ሳይቀር አዘቅዝቄ ለብሼ ነበር፣ ሐዘንተኛ እንድመስል። እዚህ የክፍል ኃላፊህ የነበረችው መምህርት ግን አስቀድማ መክራኝ ነበር። "አይለምኑ። እሱ ራሱ ይናገር። ወላጅ አምጣ ሲባል በገንዘብ ያመጣውን የሐሰተኛውን አጎት ነገርም እንዳትደብቁ፣ ኋላ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእናንተ ይስሙት" አለችኝ። ሁሉም ሰው "በቃ ማታ ይማር" ሲለኝ እሷ ብቻ ናት "የለም፣ ቀን ከእኩዮቹ ጋር መደበኛ ይግባ፤ ማታ ከተማረ ቀኑን ሙሉ የት ሊውል ነው?" ያለችው። መሸኛህንም ሦስት ቀን ተመላልሳ ያስጻፈችው እሷ ናት። ደውልላት። ዛሬ ማታ ደውልላት።

ዳይሬክተሩ ፋይልህን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "በቀሪ ብዛት የተሰናበተ" የሚለው ጋ ሲደርሱ እኔ አንገቴን ደፋሁ። "ለምን ተባረርክ?" ይላሉ ብዬ ስጠብቅ "መጀመሪያ የቀረህበት ቀን የቱ ነው?" አሉህ። እኔ ጓደኞቹ ናቸው፣ ጆተኒ ቤቱ ነው፣ በርጫ ጀምሮ ነው እያልኩ ዓመት ተኩል ሳማርር ከርሜአለሁ። አንተ ግን "ፀጉርህን ተቆርጠህ ና ያሉኝ ቀን" አልክ።

ልጄ፣ ወንበሩ ላይ ነው የደነዘዝኩት።

ማክሰኞ ከበር ተመለስኩ አልክ። ቤት ስመጣ እማ ጓዳ ሆና ታለቅስ ነበር አልክ። ያ ቀን ትዝ አለኝ። ከሐረማያ ያስመጣሁት ሰባት ሳጥን ቲማቲም በሙቀቱ ቀልጦ ውሃ የሆነበት ቀን ነው። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። አንተ በመጋረጃው በኩል አይተኸኛል። አይተኸኝ 60 ብር ለመጠየቅ አፈርክ። ረቡዕ በዚያው ፀጉር ሄድክ፣ መለሱህ። ሐሙስ እስከ በሩ ደርሰህ ራስህ ተመለስክ። አርብማ ከሰፈራችን ከሳቢያን አልወጣህም። በሳምንቱ ነገሩ "ወላጅ አምጣ" ሆነ።

እዚህ ላይ ግን እቆጣሃለሁ። ለፀጉር 60 ብር ያጣ ልጅ ለአጎት 100 ብር ከየት አመጣ? ታይዋን ገበያ ዕቃ ተሸክመህ። ተሸክመህ ባገኘኸው ፀጉርህን ተቆርጠህ፣ 40 ብር ተርፎህ መግባት ትችል ነበር! ብዙ አሰብኩበት። ያኔ ነገሩ ከፀጉር አልፎ ነበር መሰለኝ። በቀረህ ቁጥር መመለሱ ይከብድሃል። አንድ ቀን የቀረ ሰው የሚያስረዳው የአንድ ቀን ነው፣ አስር ቀን የቀረ ግን የአስር ቀን ያስረዳል። ለዚህ ነው ቢረፍድብህም ግባ የምልህ።

ደግሞስ ከሰው ሁሉ መርጠህ የእኔን ተሸካሚ! ቀፊራ ገበያ ስንት ሰው ሞልቶ። ምስኪኑ እስካሁን ሲያየኝ ይሽኮረመማል። "ወላሂ ልጅሽ መሆኑን አላወቅኩም" ብሎ ምሎልኛል። ለዩኒት ሊደሩ "ደግሞ ቢቀር እግሩን እሰብረዋለሁ" ብሎ ፎክሮልህ ነበር አሉ። ሁሉም ነገር ተሳክቶለት ነበር፣ "እስቲ የእናቱ ስም ማን ነው?" እስኪሉት። "እህቴን በቤት ስሟ ነው የማውቃት" አለ። ሳቄ ይመጣል አሁን። ያኔ ግን አልሳቅኩም።

ያኔ ያደረግኩትን ታውቃለህ። ትምህርት ቤቱ ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። አንዴ አንስቼ "ገበያ ላይ ነኝ፣ ማታ ደውሉ" አልኩ። ማታ ማን ይደውላል? ሁለቱን ጨርሶ አላነሳሁም፣ የማላውቀው ቁጥር ነው ብዬ። መባረርህን ስሰማ ደግሞ ደብተሮችህን በረንዳ ላይ ወርውሬ "ከቤቴ ውጣ" አልኩህ። ሁለት ሌሊት ገንደ ቆሬ ጓደኛህ ቤት አደርክ። እነሱ አንዴ ቢያባርሩህ እኔ ደገምኩልህ። ይቅር በለኝ አቡሽዬ። በአፌ ልልህ ስንት ጊዜ ሞክሬ "ራትህን ብላ" ብቻ ነው የሚወጣኝ።

የእኔን ትምህርት ነገር ለአንተ የነገርኩህ በግማሽ ነው። "አያትህ ታማ አቋረጥኩ" ነው የምልህ። እውነት ነው፣ አያትህ ታማ ነበር። 1989 ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል አስታመምኳት። ድና ወጣች። በነጋታው ዩኒፎርሜን አጥቤ፣ ተኩሼ ሄድኩ። ዘበኛው "የት ከርመሽ ነው? ወረቀት አምጪ" አለኝ። የሆስፒታሉ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። አጣጥፌ ይዤዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። ግን የክፍሌ ልጆች ሜዳው ላይ ስፖርት እየሠሩ ነበር። ሁሉም ወደ በሩ ዞረው አዩኝ። አንዷ ሳቀች፣ በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም። "እሺ፣ አመጣለሁ" ብዬ ተመለስኩ። ያ መመለስ ነው እስከ ዛሬ ቀፊራ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ያስቀመጠኝ። ወረቀቱን ለሰውየው መዘርጋት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሌላም አለ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማታ ልማር ብዬ ተነሳሁ። እንደተነሳሁ የ1998ቱ ጎርፍ መጣ። አንተ አልተወለድክም። ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ሌሊት፣ ሰው እንደተኛ ደቻቱ ወንዝ ግድግዳውን አልፎ መጣብን። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከእኛ ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። የሚኒስትሪ ካርዴ ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን ግን ሄደ። "ካርዴን ጎርፍ ወሰደው" እያልኩ ይኸው ስንት ዘመን። ሰውም "አይ የእግዜር ሥራ" ይለኛል። ግን እኮ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ነበረው። ትምህርት ቤቱን ጎርፍ አልወሰደው። አንድ ቀን ሄጄ "ስሜን ፈልጉልኝ" አላልኩም። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምጽፈው፣ ለአክስትህ እንዳታሳያት፣ ጎርፉን ነው የምታምነው።

ካርድህን ላሚኔት አስደርገው።

"ተምሬስ? ከመቶ ሦስት ሰው ነው የሚያልፈው" ያልከኝን አልረሳሁም። በሬዲዮ እከታተላለሁ። በ2014 የአስራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 3.2። በ2016 5.4። ባለፈው ሳምንት የተነገረው የ2017ቱ 8.4 ነው። አልዋሽህም፣ ትንሽ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ከመቶ ስምንቱ ብቻ የሚተርፍልኝን ቲማቲም አልጭንም። ግን ታይዋን ሸክም ይዘህ ስትውል ከመቶው ስንተኛ ነበርክ? እዚያ መቶ ውስጥም አልተቆጠርክም። ደግሞ የድሮው የአስረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል። እስከ አስራ ሁለተኛ ድረስ ሦስት ዓመት አለህ። ሒሳብህን ከዛሬ ጀምር። እንግሊዝኛህንም።

ከአንተ ሁለት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ነው የምትቀመጠው። እሱ ነው የፈራኸው፣ አውቃለሁ። "ጋሼ" ይሉሃል። ይበሉህ። "ጋሼ" ሲሉህ "አቤት" በላቸው፣ በሳምንቱ ይሰለቻቸዋል። የኋላ ወንበር ግን እንዳትቀመጥ።

የፈረምነውን ውል እንዳትረሳ። ሦስታችንም ነን የፈረምነው፣ አንተ፣ እኔ፣ አክስትህ። በየሳምንቱ አርብ የመገኘት ወረቀትህን ዩኒት ሊደሩ ይፈርምልሃል፣ አክስትህ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ስለላ አይደለም። የእኔም ስልክ ፋይሉ ላይ አለ። አሁን የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ሽንኩርቱን ከነሚዛኑ ጥዬ ነው የማነሳው፣ ሰሞኑን ሁለቴ የተሳሳተ ቁጥር አንስቻለሁ።

ሸዋ በር አካባቢ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዘው የሚቀመጡ ጎረምሶች አሉ። ሰላም ብለህ እለፍ። አልቅም አልልህም፣ ማን ይሰማኛል። በትምህርት ቀን አትቀመጥ ነው የምልህ። ተመርቅነህ ሌሊቱን ሳትተኛ አንግተህ፣ ጠዋት ይረፍድብሃል፣ ከዚያ ያው የድሮው ይመጣል። ቢረፍድብህም ግባ እላለሁ እንጂ ይረፍድብህ አላልኩም።

የአክስትህን ጀሪካን አንተ ቅዳ። እሷ ወገቧን ያማታል። ሐረር ውሃ ሲመጣ መሙላት ነው፣ ተኝተህ እንዳያመልጥህ። ውሃው ከእኛ በኩል ከሐሰሊሶ ነው ዳገቱን በፓምፕ የሚወጣው። እኔ ልጅ ሆኜ ሐረሮች ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የሚጠጡት። ሐይቁ ደርቆ ከብት ሲግጥበት በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ውሃው ተመልሷል። ነሐሴ ላይ በመስኮት ላሳይህ ፈልጌ ነበር፣ አንተ ማዳመጫህን ሰክተህ ተኝተሃል።

ቆሎው ለአንድ ሳምንት ነው፣ በአንድ ቀን እንዳትጨርሰው።

ሻንጣህን መናኸሪያ የሚያደርስልህ ማን እንደሆነ ይህን ስታነብ አይተኸዋል፣ አንገትህን ደፍተህም ቢሆን። ዋጋውን ቀድሜ ልስጠው ስል "የእህቴ ልጅ አይደለ እንዴ" ብሎ እምቢ አለ። ስሜንም አሁን አጥንቶታል፣ ሙሉውን፣ እስከ አያቴ።

የጃኬትህን የውስጥ ኪስ ዳብሰው፣ የሰፋሁት ነገር አለ። 200 ብር ነው። ለምሳ አይደለም፣ ለካርድም አይደለም። ፀጉር ተቆረጥ ያሉህ ቀን ክሩን በጥሰህ ታወጣዋለህ። ሲያልቅ ደውልልኝ፣ ቲማቲም ቢበላሽም ባይበላሽም።

እናትህ