የሚታል አባት የት ገቡ?

ለአዘጋጁ፦

ስለ ብረቱ ቱጃር ስለ ላክሽሚ ሚታል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ ያነበብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ጋዜጣው፣ ብረት እያዞርን በምንቀርጽበት ቶርኖ ቤታችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ በግሪስ ጠቁሯል። አብዛኛው ነገር ደህና ነው። ዓመቶቹ ልክ ናቸው፣ የአገሮቹም ስም ልክ ነው። እኔን ያንገበገበኝ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ከባዶ ተነሳ፣ ከቆራጥነቱ በቀር ምንም አልነበረውም ብላችሁ ጽፋችኋል። ያ ሳያንስ ወደ እኛ ልጆች ዞራችሁ፣ የአገራችን ወጣት ብረት ሠራተኛ የመስኮት ፍርግርግ ከመበየድ ያለፈ ሕልም የለውም አላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው ስድብ ነው። ስድቡ ደግሞ የቆመው ስህተቱ ላይ ነው።

ሚታል በፈረንጆቹ 1950 ሕንድ አገር፣ ራጃስታን ውስጥ ሳዱልፑር በምትባል ከተማ ተወለደ። በረሃ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ድረስ ጽሑፋችሁ አልተሳሳተም። ከዚያ ግን ዘላችሁ ኢንዶኔዥያ ገባችሁ። መሃሉስ? መሃሉ ላይ ካልካታ አለች። ካልካታ ውስጥ ደግሞ አባቱ፣ ሞሃን ላል ሚታል አሉ። እኚህ ሰው የብረት ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ልጁ ተማሪ እያለ አባቱ ፋብሪካ እየገባ ሥራውን ለመደ። በ1969 ሴንት ዛቪየር ከሚባለው ኮሌጅ በንግድ ትምህርት ተመረቀ። ሲመረቅ የሚገባበት ፋብሪካ ነበረው።

የኢንዶኔዥያውም ታሪክ እናንተ እንዳላችሁት አይደለም። በዚያን ጊዜ የሕንድ መንግሥት የግል ባለሀብት እንደልቡ የብረት ፋብሪካ እንዳያስፋፋ ይገድብ ነበር። ስለዚህ አባትየው ኢንዶኔዥያ ውስጥ መሬት ገዙ። በኋላ ነገሩ አልጥም ሲላቸው ልጃቸውን ሽጠኸው ና ብለው ላኩት። ዘመኑ 1976 ነው፣ ልጁ 26 ዓመቱ። አልሸጠውም። ሲዶአርጆ ላይ ፋብሪካ ተከለበት። ይህ የራሱ ድፍረት ነው፤ አልነፍገውም። ግን መሬቱ የማን ነበር? የ26 ዓመት ጎረምሳ ሰው አገር ሄዶ የብረት ፋብሪካ ልተክል ነው ሲል ማነው ቁም ነገሬ ብሎ የሚሰማው? ከኋላው አባቱ ባይቆሙ ኖሮ አንድ ቢሮ እንኳ ያስገባው ነበር?

የሚገርመው ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ፣ በ2021 የሚታል ልጅ አዲቲያ የድርጅቱን፣ የአርሴሎርሚታልን፣ ሥራ አስፈጻሚነት መረከቡን በደስታ ጽፋችኋል። ልጅ ከአባት መረከቡን መጨረሻው ላይ ካያችሁ መጀመሪያው ላይ እንዴት ጠፋችሁ?

ለምን ይህን ያህል ተቆጣህ የሚለኝ ይኖራል። እኔም የብረት ሰው ልጅ ስለሆንኩ ነው። አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ከሰል ውስጥ ይከታሉ፣ እኔ ወናፉን እነፋለሁ። ሙቀቱን የሚያውቁት በብረቱ ቀለም ነው። ዝም ብለው ያዩታል፣ ያዩታል፣ ድንገት አሁን ይሉና ያወጡታል። ውሃው ውስጥ ሲነክሩትም እንደዚያው ነው። ከልክ በላይ ከጠነከረ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። ካልጠነከረም ይታጠፋል። ገበሬው ከኩታበርና ከገራዶ መጥቶ ይገዛቸዋል። ማረሻቸውን ይወስዳል እንጂ ቡና አብሯቸው አይጠጣም። ቡዳ ናቸዋ! አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ መቶ ዓመት አልፏል፤ እኛ ሰፈር ግን ስድቡ አልቆመም ነበር።

እንግዲህ ሁለታችንም ከአባቶቻችን ወርሰናል። እሱ የወረሰው ፋብሪካ፣ መሬትና የሚታመን ስም ነው። እኔ ሙያ ወረስኩ፣ ለሱም አባቴን ሳመሰግን እኖራለሁ። ከሙያው ጋር ግን ስድቡም አብሮ መጣ።

ኮምቦልቻ ወርጄ ቶርኖ ቤት ከከፈትኩ በኋላ ሥራዬን ላሰፋ ብድር ጠየቅሁ። ማሽኑን ራሱን አስይዛለሁ አልኩ። የቤት ካርታ አምጣ ተባልኩ። የምኖረው የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፣ ካርታ ከየት ላምጣ? ሥራዬን መጥቶ ያየ፣ ደንበኞቼን የጠየቀ አንድ ሰው የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ደግሞ የነበረኝም ሄደ። የቶርኖው ሞተር ተፈትቶ ተወሰደ። የመበየጃው ኬብል ሳይቀር ከግድግዳው ላይ ተነቅሏል። ቶርኖው ራሱ የተረፈው ስለሚከብድ ብቻ ነው። ከልጆቹ ጋር ሆነን ከሌላ አሮጌ ማሽን ሞተር ፈታን፣ ፑሌውን ራሳችን ሠራን፣ አስነሳነው። ማንም አልረዳንም። ቆራጥነት ስትሉ ይህንን ከሆነ የምትሉት፣ እሱ እዚህ ሞልቷል።

አንድ ልጅ አለ እኛ ዘንድ። ከፋብሪካ የተሰበረ ሻፍት፣ የሚሽከረከር የማሽን ዘንግ፣ ይመጣለታል። ዕቃው ከውጭ ይምጣ ቢባል ዶላር ተጠብቆ፣ ኤልሲ የሚሉት የባንክ የክፍያ ዋስትና ተከፍቶ ወራት ይፈጃል። ልጁ የተሰበረውን በብየዳ ይሞላዋል። በአንዴ አያቀዘቅዘውም፣ እንዳይሰነጠቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ያሳድረዋል። ጠዋት ቶርኖው ላይ ያስረውና በካሊፐር እየለካ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። መጨረሻ ላይ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ይሞክራል። ከላላ ማሽኑ ሥራ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከጠበቀም አይገባም። ልዩነቱ ከፀጉር ይቀጥናል። ደብተሩ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ሥሎ፣ ስንት ኪሎ ዋት እንደምትፈልግ ከጎኗ አስልቷል። ይህ ልጅ ነው ሕልም የለውም የተባለው። ጽሑፋችሁን አንብቦ ሲጨርስ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ስንፍናችን ነው ማለት ነው?» አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ሚታልን አሳንሱት ማለቴ አይደለም። ማድነቅ ከሆነ በሚደነቅበት ነገር ይደነቅ። በ1989 ትሪኒዳድ፣ በ1992 ሜክሲኮ፣ በ1995 ካዛክስታን እያለ መንግሥታት የከሰሩባቸውን የብረት ፋብሪካዎች ተረከበ። ሌላው የሸሸውን ፋብሪካ ገብቶ ማየት የቻለው፣ ብረት እንዴት እንደሚቀልጥና ወጪው የት እንደሚገባ ከልጅነቱ ስለሚያውቅ ነው። በ2006 አርሴሎርን የሚያህል የአውሮፓ ድርጅት ጠቅልሎ የገዛውም ከዚህ ተነስቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ አገር የሚጠቅመው ይኸኛው ነበርና። እኛ አገር ብረት የሚሠራው ቁራሌው ከሰፈር ለሰፈር ከሚሰበስበው ውድቅዳቂና ከውጭ ከሚገባ፣ ቢሌት ከሚሉት ገና ያልተዳመጠ የብረት ዘንግ ነው። ውድቅዳቂው ውስጥ የሞተር ሽቦ ሳይለይ ይገባል፣ ከሱ ጋር መዳብ ይገባል። መዳብ የበዛበት ብረት ግሎ ሲዳመጥ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ሚታል ትሪኒዳድ ላይ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። የብረት ማዕድኑን ሳያቀልጡ በተፈጥሮ ጋዝ ኦክስጅኑን ያስወጡለታል፣ ከዚያ ንጹሁን ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ያቀልጡታል። ውድቅዳቂ መለመን ቀረ። ይህን በሁለት አንቀጽ ብትጽፉልን ልጆቻችን ይማሩበት ነበር። እናንተ ግን ለንደን ኬንሲንግተን ስለገዛው ቤትና በ2004 ፈረንሳይ ስለተደገሰው የሴት ልጁ ሠርግ አንድ ሙሉ ዓምድ ጻፋችሁ።

ለሠርጉ ቦታ ከተገኘ ለሟቾቹም መገኘት ነበረበት። በካዛክስታን የድርጅቱ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓዶች ውስጥ በ2006 ሌኒን በሚባለው 41 ሰው አልቋል። በጥቅምት 2023 ኮስተንኮ በሚባለው 46 ሰው ሞቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጅቱ አገሩን ለቅቆ ወጣ። ከሰሉ የሚወጣው ለብረቱ ነው፤ የሰውየው ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሰዎች አሉበት። እሳት አጠገብ የምንውል ሰዎች ስለ ብረት ስናነብ መጀመሪያ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፦ ስንት ሰው ተጎዳ፣ ለምን፣ ከዚያስ ምን ተደረገ? አንድ መስመር አልጻፋችሁም። አባትየውን ያስወጣ እጅ እነሱንም አስወጥቷቸዋል። ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ ገጹ ላይ አንድ ጀግና ብቻውን ቀረ።

ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ወጣት እገሌ ከባዶ ተነስቶ እዚህ ደረሰ ስትሉት፣ ያልደረሰው በራሱ ጥፋት ነው ማለታችሁ ነው። ብድር የከለከለው ሰው ይህንን ሲያነብ ደስ ይለዋል። መሬት የሚሰጠውም፣ ዶላር የሚያከፋፍለውም ደስ ይለዋል። ሁሉም ከደሙ ንጹሕ ይሆናል፣ ጥፋተኛው የቶርኖ ቤቱ ልጅ ብቻ ይሆናል። እውነቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ልጁ ሌላ ነገር ይጠይቅ ነበር። አባቱ መሬት ለሌለው፣ ግን እጁ ለሚያውቅ ሰው መሬቱን ማን ይስጠው? ማን ይተማመንለት? ይህ ጥያቄ ለኮምቦልቻም ለደሴም መልስ ያስፈልገዋል፤ ጋዜጣ ደግሞ የሚጠቅመው ይህን ሲጠይቅ ነው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እርማት አውጡ። የሞሃን ላል ሚታልን ስም፣ የካልካታውን ፋብሪካና የኢንዶኔዥያውን መሬት ጻፉ፤ አራት መስመር ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ስለ ወጣት ብረት ሠራተኞች የጻፋችሁትን አንሱ። ማንሳት ካልፈለጋችሁ የጻፈውን ጋዜጠኛ ወደ ኮምቦልቻ ላኩትና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለልጆቹ ፊት ለፊት ያንብብላቸው፣ መልሳቸውንም እንዳለ ያትመው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቶርኖ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ