ስለ 2ኛ «ለ» ተማሪያችን

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ልጃችን ካረፈች ነገ አርባ ቀኗ ነው። ስሟን አልጽፈውም። በአባቷ ጥቁር ጃንጥላ ሥር ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ እስከ በራችን የምትመጣዋን ልጅ በሰፈራችን የማያውቃት የለም። ደብዳቤውን ወላጆቿ አንብበው «ይላክ» ብለውኛል።

8 ዓመቷ ነበር። በሽታዋ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ይባላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስሙን ወረቀት ላይ አስጽፌ ነው የያዝኩት። ፀሐይ የሁላችንንም ቆዳ ይጎዳል፤ ሰውነታችን ግን ጉዳቱን ይጠግነዋል። የሷ ሰውነት መጠገኑን አይችልም ነበር። ጉዳቱ እየተደራረበ ቆዳዋ ይጠቋቁራል፣ ዓይኗ ብርሃን አይችልም፣ ውሎ አድሮ ካንሰር ይመጣል። የወሰደብንም እሱ ነው። ሕፃን ሳለች ትንሽ ፀሐይ ነክቷት ፊቷ ሲላላጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ታሽታለች። በማን ይፈረዳል? ሁላችንም ያደግነው እንደዚያ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር ጨረሩም ይበረታል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ። ደመና ሙሉ በሙሉ አያግደውም፤ የመስኮት መስታወትም ከፊሉን ያሳልፋል። የ2ኛ «ለ» መስኮት በወፍራም መጋረጃ የተሸፈነው ለዚህ ነው። «ልጆቻችን በጨለማ ይማራሉ እንዴ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ያኔ በደንብ ሳላስረዳችሁ ቀርቻለሁ።

ሌላም ያልነገርኳችሁ አለ። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ «ይተላለፋል» የሚል ወሬ ተነሣ። ጥቂት ወላጆች ልጆቻቸውን ከአጠገቧ እንዳነሣ ጠየቁኝ። አነሣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። አንድ ቀን እናቷ ቢሮዬ ገቡ። የሐኪም ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ምንም ሳይሉ ወጡ።

በሽታው በንክኪ አይተላለፍም። በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። የሚወረስ ነው። እናትና አባት ራሳቸው ሳይታመሙ ችግር ያለበትን ጂን ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለቱም ከያዙት እያንዳንዱ ልጅ የመታመም እድሉ ከ4 አንድ ነው። እርግማን አይደለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። የዚያ ሁለት ሳምንት ጥፋት ግን የኔ ነው። ወላጆቿን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሷንም ጠይቄያት ነበር። «እሺ ቲቸር፣ ጓደኛዬ አሁን ትመጣለች?» አለችኝ።

መጣች። ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓት ሁለቱም ከክፍል አይወጡም ነበር። ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አሰመሩ። እሷ ረጅም እጅጌ ሹራብ፣ የእጅ ሹራብና እናቷ ዙሪያውን ጨርቅ የሰፉለት ኮፍያ አድርጋ በአንድ እግሯ ስትዘል ኮፍያው ዓይኗ ላይ ይወርዳል። ያቺኛዋ ሮጣ ታቃናላታለች። የጽዳት ሠራተኛችን እስካሁን መስመሩን አላጠፋችውም። እኔም አጥፊው አላልኳትም።

አሁን ስለ ልጆቻችሁ። ከቀብሩ በኋላ አንድ ተማሪያችን ፀሐይ ላይ መውጣት እንቢ አለ። «እኔንም ትገድለኛለች» ይላል። እባካችሁ «ተኝታለች» ወይም «ሩቅ አገር ሄዳለች» አትበሏቸው። ሞታለች በሏቸው። የነሱ ሰውነት ፀሐይ የጎዳውን እንደሚጠግን፣ የሷ ግን እንዳልቻለ ንገሯቸው። ካለቀሱ ያልቅሱ። አብራችኋቸው ብታለቅሱም ችግር የለውም።

ታናሽ ወንድሟ በመስከረም ኬጂ ይገባል። እሱም ይኸው በሽታ አለበት። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ግን ገና በጨቅላነቱ ስለታወቀለት፣ ከፀሐይ በደንብ ከጠበቅነው ብዙ ጉዳት ማስቀረት ይቻላል። እሱን ማንም ከማንም አጠገብ አያነሣውም። ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት የሰልፍ ቦታችን ላይ ከክፍሎቹ በር የሚጀምር የቆርቆሮ ጥላ እንዲሠራ ወስኗል። ኮንዶሚኒየም ስታድሱ የተረፋችሁ ቆርቆሮ ወይም የብረት ቱቦ ካለ አምጡልን። ብየዳ የምትችሉ ደግሞ በጉልበታችሁ አግዙን። ለየካቲት 21 ማድረስ እንፈልጋለን። ዕለቱ በእ.ኤ.አ. 2008 የተጀመረው፣ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ቀን የሚታሰበው የብርቅዬ በሽታዎች ቀን ነው። የሷን መታሰቢያ በዚያ ቀን እናደርጋለን። ወላጆቿም ይገኛሉ።

ጥላው ሥር ሰኞ ማክሰኞውን በቀለም እናሰምረዋለን። ጠጠሯ ጓደኛዋ ዘንድ ናት። መጀመሪያ የምትጥለው እሷ ነች።

ፈጣሪ ቤተሰቧን ያጽናልን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር