ኒውክለሱን የረሳ የወፍ ጉንፋን ዘገባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ወፍ ጉንፋን ያወጣችሁት ጽሑፍ ቫይረሱ ከሰው ጋር የሚላመደው በላዩ ላይ ያለው ሄማግሉቲኒን የተባለ ፕሮቲን ሲለወጥ ብቻ እንደሆነ አስመስሎ አቅርቧል። ሄማግሉቲኒን ቫይረሱን ሕዋሱ ውስጥ ያስገባዋል፤ መባዛት መቻሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አብዛኞቹ የአር ኤን ኤ ቫይረሶች፣ ኮሮናን ጨምሮ፣ የሕዋሱን ዘር ከያዘው ኒውክለስ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይባዛሉ። የወፍ ጉንፋንን ጨምሮ ኢንፍሉዌንዛ ግን ኒውክለስ ካልገባ አይሆንለትም። የራሱን መልእክተኛ አር ኤን ኤ (ፕሮቲን የሚሠራበትን ቅጂ) ለመጀመር ከሕዋሱ አዳዲስ አር ኤን ኤዎች ጫፍ ከ10 እስከ 13 ኑክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ “ፊደል”) ቆርጦ ይወስዳል፤ የሕዋሱ አር ኤን ኤዎች ደግሞ የሚሠሩት ኒውክለሱ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በጃፓንና በአሜሪካ የተፈቀደው ባሎክሳቪር የተባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሚገታው ይህንኑ ፒኤ የተባለ ቆራጭ ፕሮቲን ነው።

የኒውክለሱ ቀዳዳ እንደ ኬላ ነው። ከ40 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ገደማ በታች የሆነ ፕሮቲን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ የከበደው ኢምፖርቲን የሚባሉት አጓጓዦች የሚያውቁት ምልክት ያስፈልገዋል። የቫይረሱ 8 የዘር ክፍሎች በኤንፒ ፕሮቲን ተጠቅልለዋል፤ ምልክቱም ያለው ኤንፒ ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ በሚገባበት ከረጢት፣ በኤንዶሶም ውስጥ፣ ፒኤች ወደ 5 ገደማ ሲወርድ (አሲድነቱ ሲጨምር) ኤም2 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን አሲዱን ወደ ቫይረሱ አስገብቶ ኤም1 የተባለውን ሌላ የቫይረሱ ፕሮቲን ከዘር ክፍሎቹ ማላቀቅ አለበት። ኤም1 ካልተላቀቀ መግባት የለም። አማንታዲን የተባለው የቀድሞ መድኃኒት ይሠራ የነበረው ኤም2ን በመዝጋት ነው፤ ዛሬ የሚዘዋወሩት ዝርያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለተላመዱት አይታዘዝም።

አዲስ የተሠሩት ፕሮቲኖችም ከሳይቶፕላዝም መመለስ አለባቸው። የቫይረሱን ዘር የሚቀዱት ሦስት ፕሮቲኖች ፒቢ1፣ ፒቢ2 እና ፒኤ ናቸው። ፒቢ1 እና ፒኤ ውጭ ተጣምረው በኢምፖርቲን 5 ይገባሉ፤ ለየብቻ ሲሆኑ በደንብ አይገቡም። ፒቢ2 ግን ብቻውን በኢምፖርቲን አልፋ ይገባል፤ ሦስቱ የሚገጣጠሙት ውስጥ ነው።

ዘገባው የዘለለው እዚህ ላይ ነው። የወፍ ቫይረስ ፒቢ2 በ701ኛው ቦታ አስፓርቲክ አሲድ የተባለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) አለው፤ እሱም ምልክቱን የያዘውን ክፍል አስሮ ይይዛል። አስፓራጂን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ሲተካ እስሩ ይላላል፣ ፒቢ2 ከአጥቢ እንስሳት ኢምፖርቲን አልፋ ጋር በተሻለ ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በኔቫዳ የወተት ላሞች ላይ በተገኘው ዲ1.1 በተባለው የኤች5ኤን1 (የወፍ ጉንፋን) ዝርያ የታየው ይኸው ለውጥ ነው። በ2024 በቴክሳስ በታመመው ሰው ላይ የተገኘው የ627ኛው ቦታ ለውጥ ግን ቫይረሱ ለመባዛት ከሚጠቀምበት ኤኤንፒ32ኤ ከተባለ የሕዋስ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። ስለዚህ ናሙና ሲመረመር ኤች5 መሆኑን ማወቅ አይበቃም፤ ፒቢ2ም መነበብ አለበት።

አዲሶቹ የዘር ክፍሎች ከኒውክለሱ ለመውጣት ኤም1 ከዘር ክፍሎቹ ጋር፣ ኤንኢፒ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ደግሞ ከኤም1 እና ሲአርኤም1 ከተባለው አስወጪ ጋር ይያያዛሉ። ሌፕቶማይሲን ቢ የተባለው ንጥረ ነገር ሲአርኤም1ን ሲዘጋ ዘሩ ውስጥ ይቀራል፤ ነገር ግን ሕዋሱም የራሱን ፕሮቲኖች የሚያስወጣው በዚሁ መንገድ ስለሆነ አብሮ ይጎዳል።

በጽሑፉ ግርጌ የጥገኛ ትል መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን “ኢምፖርቲንን ይዘጋል” ተብሎ መጠቀሱም መታረም አለበት። በ2020 በኮሮና ላይ በቤተ ሙከራ የተሞከረው 5 ማይክሮሞላር (የመድኃኒቱ ክምችት መለኪያ) ነበር፤ አገራችን ለኦንኮሰርካ (በጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው የትል በሽታ) በምትሰጠው መጠን ደም ውስጥ የሚገኘው ከዚያ በብዙ አሥር እጥፍ ያነሰ ነው። ለጉንፋን ብሎ የሚውጠው ሰው የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ከሠላምታ ጋር