የዲጄና የድምፅ ዕቃ ኪራይ አሠራራችን ለምን ተለወጠ?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ዲጄዎችና የፓርቲ አዘጋጆች፤

ከመጪው ፋሲካ ጀምሮ ሞንታርቦ፣ ሰብዉፈርና የዲጄ ማጫወቻ የምናከራይበት አሠራር በአራት ነገር ይለወጣል። ሊሚተሩ (ድምፁ ከገደብ እንዳያልፍ የሚይዘው መሣሪያ) ተቆልፎ ይወጣል። የቦታው የመብራት ሁኔታ ሳይነገረን ዕቃ አይጫንም። ለዲጄው ጠረጴዛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) አብሮ ይሄዳል። የዲጄው ፍላሽም ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እኛ ዘንድ ይሞከራል። «ሊሚተር ድምፅ ይቀንስብናል» የሚል ቅሬታ ስለሚመጣ ምክንያታችንን በዝርዝር ማስረዳት ይገባናል።

ከሊሚተሩ እንጀምር። የሚክሰሩ (የድምፅ መደባለቂያው) መጠን ማሳያ መብራት ቀዩን ሲነካ ድምፁ የጨመረ ይመስላል። እውነቱ ግን ሚክሰሩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ የሞገዱን ጫፍ መቁረጥ መጀመሩ ነው። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ቁመቱ ሳይጨምር አማካይ ኃይሉ ይጨምራል፤ አንድ ንጹሕ ሞገድ አራት ማዕዘን እስኪሆን ቢቆረጥ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ያ ትርፍ ኃይል በአብዛኛው ስፒከሩ ኮይል (የውስጥ የሽቦ ጥቅል) ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚያም አልፎ በዘፈኑ ውስጥ ጨርሶ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጠሩና ወደ ላይኛው ሆርን (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ክፍል) ይሄዳሉ። የሆርኑ ኮይል ሽቦ እጅግ ቀጭን ነው፤ ከባሱ ይልቅ ቀድሞ የሚቃጠለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሆርኑ ከተቃጠለ በኋላ የሚሰማው ድምፅ የታፈነ ስለሚሆን ዲጄው «አልተሰማም» ብሎ ይጨምራል፣ የቀረውም ይከተላል።

ሊሚተሩ የሚቀመጠው በሚክሰሩና በስፒከሩ መካከል ነው። ስፒከሩ ከሚችለው በላይ የሆነውን ያስቆማል፤ ሚክሰሩ ላይ አስቀድሞ የተቆረጠውን ግን መልሶ አይጠግነውም። ስለዚህ ሊሚተሩ እያለም ቀይ ላይ መጫወት ድምፁን አያሳድገውም፣ ያቆሽሸዋል እንጂ። መቆለፉ የሚጠቅመውም ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ጭፈራውንም ነው።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ከያዛችሁት ዘፈን ሁሉ በጣም የሚጮኸውን ምረጡ፣ ድሮፑ (ምቱ በሙሉ ኃይል የሚገባበት ቦታ) ላይ አጫውቱት፣ ኢኩዌላይዘሩን ሁሉ መሐል ላይ አድርጉ። የቻናሉን ትሪም (የመግቢያ ድምፅ ማስተካከያ) መብራቱ የአረንጓዴውን ጫፍ አልፎ ብርቱካናማውን አልፎ አልፎ እስኪነካ ድረስ ክፈቱ፤ ማስተሩንም (የጠቅላላ መውጫውን ማስተካከያ) እንዲሁ። ከዚህ በኋላ የአዳራሹን የድምፅ መጠን የሚወስነው የእኛ ባለሙያ ነው። ባስ መጨመር ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ 6 ዴሲቤል ባስ ጨመራችሁ ማለት አምፕሊፋየሩን አራት እጥፍ ኃይል ጠየቃችሁት ማለት ነው። ባሱ እንዲጎላ ከፈለጋችሁ ሚዱንና ሃዩን (መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ) ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቀላል።

ሌላው የታወቀ ችግር የተራ ቅያሪ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የጀመረው ዲጄ ሜትሩን ሞልቶ ከተጫወተ 5 ሰዓት ላይ የሚተካው የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ቀዩን ይገባበታል። መክፈቻውን የሚጫወተው ሰው ከጣሪያው (ከሚፈቀደው ከፍተኛ ድምፅ) 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲጀምር አዘጋጁ አስቀድሞ ይንገረው። ዲጄዎች እርስ በርስ ይህን መነጋገር ያፍራሉና ከአዘጋጁ ቢመጣ ይሻላል።

ጣሪያውን ያስቀመጥነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ መሠረት ነው፤ የ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ። 100 ዴሲቤል ለጭፈራ ከበቂ በላይ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ይጠየቃል። በሜዳ ላይ ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። የአዲስ አበባ አየር ስስ መሆኑም ይጨመርበታል፤ ያው ስፒከር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ድምፅ እዚህ 2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል፣ አየሩ ቀጭን ስለሆነም አምፕሊፋየሩ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሰው ከበዛ መፍትሔው የሳጥን ቁጥር መጨመር ነውና የእንግዳውን ብዛት አሳንሳችሁ አትንገሩን።

ወደ መብራቱ እንለፍ። ከሁሉ በላይ ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

ስፒከሩ ጀርባ ላይ የተጻፈው «2000 ዋት ፒክ» ለጄኔሬተር ስሌት አይረዳም። ብዙዎቻችሁ የምትከራዩትን ጥቅል እንውሰድ፤ አራት ባለ 18 ኢንች ሰብዉፈርና አራት ባለ 12 ኢንች የላይ ስፒከር። በጠንካራ የዳንስ ሙዚቃ አንዱ ሰብ በአማካይ 3 አምፔር፣ አንዱ የላይ ስፒከር 1.5 አምፔር ይወስዳል ብለን እናሰላለን። ሰቦቹ 12፣ የላዮቹ 6፣ የዲጄው ጠረጴዛ 1፣ የኤልኢዲ መብራቱ 5፣ የጭስ ማሽኑ 7፤ ድምሩ 31 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 6.8 ኪሎ ቮልት አምፔር ይመጣል። አዘጋጁ ይህን አይቶ «10 ይበቃል» ይላል።

አይበቃም። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ሩብ የሚጠጋው ይሄዳል፤ ሐዋሳ ላይ ጉዳቱ ያንሳል፣ እንጦጦ ላይ ይብሳል። የ10ሩ ጄኔሬተር እዚህ ከ7.5 ብዙም አያልፍም። ባሱ በመታ ቁጥር ሞተሩ ያቃስታል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መብራቱ ከከበሮው ጋር ይርገበገባል፣ በመጨረሻ ማጫወቻው ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ለዚህ ጥቅል ዝቅተኛው 15 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው።

ጄኔሬተሩ ባለ ሦስት ፌዝ (ኃይሉን በሦስት መስመር የሚሰጥ) ከሆነ ደግሞ 15ቱ ለሦስት ይካፈላል። ሁሉንም አንዱ ፌዝ ላይ የሰካ ሰው የቀሩት ሁለቱ ሥራ ፈትተው ሳለ ብሬከሩ ይወድቅበታል። እኛ የምናከፋፍለው ሰቦቹን ለብቻ፣ የላይ ስፒከሮቹንና የዲጄውን ጠረጴዛ አንድ ላይ፣ መብራቱንና ጭሱን ለብቻ አድርገን ነው። የመጠጥ ፍሪጁ ከዲጄው ጋር አንድ መስመር ላይ እንዳይሰካ እንለምናለን፤ ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሁሉ የሚያስፈራው የላላ ኒውትራል (የጋራ መመለሻ ሽቦ) ነው። ኒውትራሉ ከተለቀቀ ለ220 የተሠራው ዕቃ እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊደርሰው ይችላል፤ ያኔ የሚተርፍ ነገር የለም። ባለሙያችን እያንዳንዱን ሶኬት ሳይለካ አይሰካም። ከ210 እስከ 235 ከሆነ ይቀጥላል፤ ከ250 ካለፈ የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ እስኪያስተካክል ዕቃው ከመኪና አይወርድም።

ስለ ገመድ አንድ ነገር ብቻ። 50 ሜትር ርቀት ላይ ባለ 1.5 ስኩዌር ገመድ 15 አምፔር ሲያልፍበት 18 ቮልት ይበላል፤ ባለ 4 ስኩዌሩ 7 ያህል። የሱቅ ዲቫይደር እርስ በርስ ቀጣጥሎ ሰብ ማስነሳት አይቻልም። በጥቅል ያለ ገመድም ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ተጠቅልሎ ከተተወ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

እም የሚል ጉርምርምታ ሲሰማ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር (የመሬት መስመሩን) የሚሰብሩ አሉ። ይህ ሰው ይገድላል፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ እርጥብ ሣር ላይ። ጉርምርምታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላፕቶፕ ቻርጀር ነው። ቻርጀሩን ለአፍታ ንቀሉት፤ ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ታወቀ፣ መፍትሔውም በመካከል የሚገባ ባለ ትራንስፎርመር ዲአይ ቦክስ ነው። ዲአይውን ከዕቃው ጋር በነፃ እንልካለን።

መብራት ሲሄድ ምን ይደረግ? ሙዚቃው መቋረጡ ያን ያህል ጉዳት የለውም። ዕቃ የሚጎዳው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ሚክሰሩ ሲነሳ የሚያወጣው ጠንካራ ምት ክፍት በሆነ ስፒከር ውስጥ ካለፈ ኮይሉን ያበላሻል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ስፒከሮቹን አጥፉ። ሲመጣ ማጫወቻውና ሚክሰሩ ተነስተው ከተረጋጉ በኋላ ስፒከሮቹን በመጨረሻ አብሩ። ሌሊቱ ሲያልቅም ስፒከር ይቅደም። ዩፒኤሱን የጨመርነው ለዚሁ ነው። ሁለት ማጫወቻና አንድ ሚክሰር አንድ ላይ ከ200 ዋት ስለማያልፉ ባለ 1000 ቮልት አምፔር ዩፒኤስ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በቀላሉ ያቆያቸዋል፤ ዘፈኑም ካቆመበት ይቀጥላል። ዩፒኤሱ ላይ ስፒከር፣ ጭስ ማሽን ወይም የስልክ ቻርጀር መንጋ እንዳይሰካ።

የፍላሽ ነገር። «ማጫወቻው አላነበበውም» ሲባል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍላሹ አዘገጃጀት ነው። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው ፎርማት ይዘጋጅ፤ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው በሲዲጄዎቹ (በዲጄ ማጫወቻዎቹ) ላይ አይሠራም። የዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋባይት ለሚበልጥ ፍላሽ ፋት32 ስለማይሰጥ ባለ 32ቱን መያዝ ከጣጣ ያድናል። ዘፈኖቹን ጎትቶ መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ በሪከርድቦክስ (የዲጄ ዘፈን ማዘጋጃ ሶፍትዌር) ተተንትነው በኤክስፖርት ይግቡ፣ አለዚያ ቢት ግሪዱም (የምቶቹ መስመር) ኪዩዎቹም (የመነሻ ምልክቶቹ) አይታዩም። ፍላክ የተባለው የድምፅ ፋይል በሲዲጄ-2000ኔክሰስ2 እና በሲዲጄ-3000 ይጫወታል፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አይጫወትም። ከዩቲዩብ የወረደ ደካማ ኤምፒ3 በትልቅ ሰብ ላይ ጉድለቱ ሁሉ ይወጣል፤ ባለ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወይም ዌቭ ያዙ። ባለ ስድስት ደቂቃ ዌቭ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ፍላሽ ያዙ፣ ማጫወቻው ሳያስለቅቀውም አትንቀሉት።

ከፍላሹ ጋር ተያይዞ ማጫወቻው ያለ ጥፋቱ የሚታማበት አንድ ጉዳይ አለ፤ የአገራችን ሙዚቃ። ድምፃዊው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ነጸብራቅ የተባለውን አልበሙን ካወጣ ወዲህ ኤሌክትሮኒክ ምትና አገርኛ ዜማ በአንድ ሌሊት መደባለቅ የተለመደ ሆኗል፣ ጥሩም ነው። ሶፍትዌሩ ግን ለባለ አራት ምት ሙዚቃ የተሠራ ነው። ችክችካ ባለ 6/8 ስለሆነ ዋናው ምት በደቂቃ 120 እያለ ሶፍትዌሩ 180 ወይም 90 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሲንክ (የፍጥነት ማመሳሰያውን) ስትጫኑ ዘፈኑ የሚበረው ወይም የሚጎተተው ለዚህ ነው። ቁጥሩን በእግራችሁ እየመታችሁ ፈትሹና ግሪዱን በእጅ አስተካክሉ። ቁጥሩ ከ120 ሃውስ ጋር ቢገጥምም እንኳ የችክችካ አንድ ምት ለሦስት፣ የሃውሱ ለአራት ስለሚከፈል ሃይሃቱና ከበሮው ይጋጫሉ። ስትደባልቁ የሃውሱን ሃይ ቆርጣችሁ ኪኩን ብቻ ተዉት፣ ከ8 ባር ሳታስረዝሙም ተሻገሩ። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ቀረጻዎች በሰው እጅ የተመቱ ናቸውና ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፤ በሪከርድቦክስ ዳይናሚክ የሚለውን ትንተና ተጠቀሙ፣ ወይም ሲንክን አጥፍታችሁ በጆሮ ያዙት። የሶፍትዌሩን የሙዚቃ ቁልፍ (ኪይ) መለያ ደግሞ በአንቺሆዬ ቅኝት ዘፈን ላይ ጨርሶ አትመኑት። ሶፍትዌሩ ሜጀርና ማይነር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የትዝታ ሜጀር ይገጥምለታል፣ አንቺሆዬ ግን ከሁለቱም አይደለም።

ሰቦቹን ግራና ቀኝ ከመበተን መሐል ላይ አንድ ላይ ማስቀመጥ እንመርጣለን፤ ሲራራቁ ባሱ አንድ ቦታ ይጎላና ሁለት እርምጃ አልፎ ይጠፋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ጣሪያው ራሱ ይዘፍናል።

እንግዲህ ዕቃ ስታዙ እነዚህን ላኩልን፤ የቦታው አድራሻና ፎቶ፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛት፣ የጄኔሬተሩ መጠንና ፌዝ፣ ከጄኔሬተሩ እስከ መድረኩ ያለው ርቀት በሜትር፣ የዲጄዎቹ ቅደም ተከተልና የሚፈልጉት ማጫወቻ። በር የሚከፈተው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሆነ ዕቃው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ የድምፅ ሙከራው 12 ሰዓት ላይ ያልቃል። የአካባቢው ፈቃድ የአዘጋጁ ድርሻ ነው፤ ኮፒውን ለሾፌሩ ስጡት።

በሁዳዴ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ዕቃው ሁሉ ተፈትቶ ይጸዳል፣ የላሉ ጃኮችና የደከሙ ፌደሮች ይቀየራሉ። ፍላሻችሁንም በዚሁ ጊዜ ይዛችሁ ብትመጡ በሁሉም ማጫወቻ ላይ ያለ ክፍያ እንሞክርላችኋለን። ከፋሲካ እስከ ዳግም ትንሣኤ ባለው ሳምንት ሠርጉም ፓርቲውም ስለሚደራረብ ትእዛዝ የምንቀበለው ከሆሣዕና በፊት ብቻ ነው። በሰሙነ ሕማማት ዕቃ አይወጣም፤ የፋሲካ ምሽት ዕቃ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ይጫናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅና የዲጄ ዕቃ ኪራይ ክፍል
አዲስ አበባ