የአጥቂ የሥራ ዘመን በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የተከበሩ አዘጋጅ፣ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን አጥቂዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር የሳላዲን ሰዒድ ስም ከአንድ ያልገባ ፍጹም ቅጣት ምት ጋር ተጣብቆ ሲጠራ መስማት ከለመድን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖናል። በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራሞች፣ በጋዜጦች ዓምድ፣ በየካፌው በሚደረገው ክርክርም ሰውየው የሠራውን ሥራ ሁሉ ያ አንድ ምት ሲጋርደው አያለሁ። ይህ አመለካከት ለእሱም ሆነ ከእሱ በኋላ ለመጡት ወጣቶች ፍትሕ የጎደለው ነው ብዬ ስለማምን ሐሳቤን በጋዜጣችሁ ላይ እንዳሰፍር እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነገሩ የሆነው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከተማ ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር ሲያደርጉ ጨዋታው ገና ግብ ሳይቆጠርበት ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፤ ሳላዲን መታው፤ ግብ ሳይሆን ቀረ። ከዚያ በኋላ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ኮሊንስ ምቤሱማ ከዕረፍት በፊት ለዛምቢያ አገባ፣ በአሥር ሰው የቀረው ቡድናችን ግን በሁለተኛው አጋማሽ በአዳነ ግርማ ግብ አቻ ወጣ። (ዕለቱ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያነሳንበት ቀን 51ኛ ዓመት መሆኑን ያስታወሰ ሰው ብዙ አልነበረም።) ከአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር በጎደለ ቡድን አንድ እኩል መውጣት ትልቅ ውጤት ሆኖ ሳለ፣ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የቀረው ግን ያመለጠው ዕድል ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ቀን ከሳላዲን ፊት የቆመው ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዌኔ ነበር። ይኸው ሰው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ባታ ላይ የጋናውን አሳሞአ ጂያንን ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ ቡድኑን ለፍጻሜ ያበቃ ነው። በፍጻሜው ደግሞ ሊብረቪል ላይ በመደበኛው ሰዓት የኮትዲቯሩ ዲዲዬ ድሮግባ በእሱ ፊት ቆሞ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት፤ ዛምቢያም በመለያ ምት 8 ለ 7 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እንግዲህ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በአህጉሩ ትልቁ መድረክ ላይ በምዌኔ ፊት ቆመው ከሳቱት አጥቂዎች ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ሁለቱ በዘመናቸው ከአፍሪካ አጥቂዎች ግንባር ቀደሞቹ ነበሩ፤ ሦስተኛው የእኛው ሳላዲን ነው።

ልዩነቱ ከምቱ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ድሮግባ ሊብረቪል ላይ በሳተ በሦስት ወሩ ሙኒክ ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ለቼልሲ መጨረሻ ሰዓት ላይ አቻ የምታደርገውን ግብ በግንባሩ አስቆጥሮ፣ የመለያ ምቱን የመጨረሻ ኳስም ራሱ መትቶ ዋንጫውን አስገኘ። ጂያን የደረሰበት የበለጠ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከኡራጓይ ጋር በተጨማሪው ሰዓት መገባደጃ ላይ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚ መትቶ ተመለሰ፤ አፍሪካ የመጀመሪያውን የግማሽ ፍጻሜ ቦታ ያጣችበት ምት ነበር። ያም ሆኖ ከደቂቃዎች በኋላ በመለያ ምት የመጀመሪያውን ለመምታት የወጣው እሱ ራሱ ነው፤ አስገባውም። ከባታው ስህተት በኋላ ወቀሳው ሲበዛበት ለጊዜው ከብሔራዊ ቡድኑ ራሱን ቢያገልም ተመልሶ አምበል ሆነ፤ በ2006ቱ የዓለም ዋንጫም አስቆጥሮ በውድድሩ ታሪክ በስድስት ግብ ከአፍሪካውያን ቀዳሚው ለመሆን በቃ። ዛሬ ጋናውያን የእሱን ታሪክ ሲጽፉ ሁለቱን የሳታቸውን ምቶች አይደብቁም፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ያስቆጠራቸውን 51 ግቦች ግን ከእነርሱ ጎን ያስቀምጣሉ። እኛ የጎደለን ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

ሳላዲን ወደ ኔልስፕሩት ከመድረሱ በፊት ምን ሠርቶ ነበር? ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር አንድ እኩል ስንለያይ የኢትዮጵያን ግብ ያገባው እሱ ነው፤ ያ ውጤት በአገሩ ቁጣ አስነስቶ አሠልጣኙ ፒትሶ ሞሲማኔ ወዲያው ተሰናበቱ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የተመለሰው ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ነበረበት፤ አንዷን አዳነ ግርማ፣ ሌላዋን ሳላዲን አስቆጠሩ። ለ31 ዓመት የተዘጋውን በር የከፈቱት እነዚያ ሁለት ግቦች ናቸው። ያ ማታ በከተማው መንገዶች ላይ የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ከሦስት ወር በኋላ የሳታትን ኳስ ከዚያች ግብ አስበልጦ ማስታወሱ ይገርመኛል።

የክለብ ሕይወቱም ቢሆን በጥሞና ሊጻፍ የሚገባው ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ ግብፅ ዋዲ ደግላ የገባው ከአገራችን ወደ ውጭ የሚሄድ ተጫዋች እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ ነው። እዚያ እያለ በ2004 ዓ.ም. በፖርት ሰዒድ ስታዲየም ከ70 በላይ ሰዎች በሞቱበት አደጋ ምክንያት የግብፅ ሊግ ተቋረጠ። አንድ አጥቂ በጉልበቱና በፍጥነቱ ጫፍ ላይ በሚገኝበት ዕድሜ ሊጉ ሲቆምበት የሚያጣው ጊዜ በምንም አይተካም። ከዚያ ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ በውሰት ሄደ፣ በአል አህሊ ማልያም ተጫወተ፣ አልጄሪያም ደረሰ። አል አህሊ በአፍሪካ በዋንጫ ብዛት የሚስተካከለው የሌለ ክለብ ነው፤ እዚያ ለመፈረም የበቃ ኢትዮጵያዊ አጥቂን ለልጆቻችን ስንነግር ከምን እንደምንጀምር ማሰብ አለብን።

የአጥቂ ሥራ ከሌላው የሜዳ ቦታ የሚለይበትን ነገርም መዘንጋት የለብንም። ተከላካይ በ90 ደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ጓደኛው ሊሸፍንለት ይችላል፤ አጥቂ ግን ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ ሲይዝ፣ ተከላካዮችን ይዞ ወደ ጎን ሲሸሽና ለጓደኛው ክፍተት ሲፈጥር የሚታገለው ትግል በውጤት ሰሌዳ ላይ አይጻፍለትም። የሚቆጠርለት ያገባት፣ የሚቆጠርበትም የሳታት ብቻ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ለመምታት ፈቅዶ ኳሷን የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ሌሎቹ ዐሥር ያልወሰዱትን ኃላፊነት የወሰደ ነው። ይህን የምናውቅ ሰዎች ለአንባቢ ማስረዳት ይጠበቅብን ነበር።

ነገሩ የሳላዲን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ አሥር ግብ ካስቆጠሩ ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን እንጂ የእያንዳንዷን ግብ ታሪክ የሚያውቅ ወጣት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ ሲያስቆጥር በየቀኑ ሲጻፍለት ነበር፤ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄዶ በጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ሲርቅ ግን ብዙ ጸሐፊዎች ዝም አሉ፣ ዝም ያላሉትም አንዳንዶቹ «አልቻለም» ብለው ደመደሙ። ጉዳትና አለመቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ገጽም ቢሆን፣ ለአንድ አጥቂ ሙሉ የሥራ ዘመን ቦታ ስጡ። የት ጀመረ፣ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ ተጫወተ፣ የትኞቹን ግቦች በማን ላይ አስቆጠረ፣ ምን ዓይነት ጉዳት ደርሶበት ስንት ወር ተቀመጠ፣ ምን ሳተ የሚለው ሁሉ አብሮ ይውጣ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች በሕይወት አሉ፤ ከአሠልጣኞቻቸውም ያሉ አሉ፤ የቆዩ ጋዜጦችም በቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ጽሑፍ የሳላዲን ሰዒድ እንዲሆን፣ ስለ ኔልስፕሩቷ ምትም ራሱ በቃሉ እንዲናገርበት እንድትጋብዙት እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የስፖርት ገጻችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ
አዲስ አበባ