ያቺን ባልጩት ልኬልሻለሁ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ ንፋሱ አቧራውን ማንሳት ጀምሯል። እናትሽ በሶ አስፈጭታልሻለች።

«በሚቀጥለው ወር ከመምህሮቻችን ጋር ሐዳር እንወርዳለን» ብለሽ ከደወልሽልኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ፣ ድንቅነሽ በተገኘችበት የአፋር ምድር ሆኗል። በዚያ መስመር ጭነት ይዤ 22 ዓመት ተመላልሻለሁ። ወለንጪቲን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባትን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን አልፌ ጋላፊ ኬላ እስክደርስ መንገዱን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ ከሚሌ በባቲ በኩል ታጥፌ ሐዳርን አላየሁም። ለእኔ ከአዋሽ አርባ ወዲያ ያለው ሁሉ ሙቀትና ጎማ የሚበላ መንገድ ነበር። «ባዶ ምድር» እለው ነበር። አንቺ እየሰማሽ ስንቴ እንዳልኩት ሳስበው ይቆጨኛል።

ወንዙን ግን አውቀዋለሁ። ወንጂ ተወልጄ ዋና የተማርኩት አዋሽ ውስጥ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃ ላይ ተገድቦ፣ የወንጂን አገዳ አጠጥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ልጅ ሆኜ አባቴን «ይሄ ውሃ የት ይገባል?» ስለው «አፋር ይጠጣዋል» ይለኝ ነበር።

ባለፈው አዲስ አበባ ጭነት ካራገፍኩ በኋላ ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁ። የድንቅነሽ ትንሽነት አስደነገጠኝ፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በኅዳር ወር፣ ሐዳር ላይ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ዮሐንሰን መጀመሪያ ያየው ከገደሉ ጥግ ብቅ ያለች የክንድ አጥንት ነበር። ከዚያ ፈልገው ፈልገው ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉን ሰበሰቡ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት።

እኔን ይበልጥ የያዘችኝ ግን ሰላም ናት። ዲኪካ ላይ፣ ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ፣ በ1993 ዓ.ም. ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን አገኛት። የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። አጥንቷ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር፣ ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አንዷን የአሸዋ ቅንጣት ከሌላዋ እየለየ ዓመታት ፈጀበት። ሰው የድንቅነሽ ልጅ ይላታል እንጂ ከድንቅነሽ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ትቀድማለች። ጎርፍ ፈጥኖ በደለል ሸፍኗት ነው ሳትበታተን የቆየችው ይላሉ። ይህን ስሰማ አንቺ በዚያው ዕድሜሽ ሶደሬ ወርደን አዋሽ አንድ እግር ጫማሽን ወስዶብሽ ያለቀስሽው ትዝ አለኝ። አዋሽ ያኔም ያው አዋሽ ነበር ማለት ነው።

አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ገና አሁን ነው የገባኝ። ምድሩ እየሰጠመ፣ ሐይቁና ወንዙ ጭቃውን እያነጠፈ፣ እሳተ ገሞራው አመዱን በላይ እያለበሰ ኖሯል። የተቀበረው አጥንትና ድንጋይ ዕድሜው የሚለካው በዚያ አመድ ነው። እኔ የምረግመው ዝናብ ደግሞ አፈሩን እየሸረሸረ የተቀበረውን ያወጣዋል። ድንጋይ ከቦታው ከተነሳ ግን ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ስለማይታወቅ ዲዳ ይሆናል።

አሁን የምጽፍልሽ ስለዚያ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሽ ያመጣሁልሽን ጥቁር ባልጩት ታስታውሻለሽ? ጎማ ስቀይር ከጎርፍ መውረጃ ያነሳሁት፣ አንዱ ጎኑ እንደ ምላጭ የሰላው። እናትሽ እስከ ዛሬ በር ታስደግፍበታለች። ትናንት አንስቼ በባትሪ አየሁት። ጠርዙ በተርታ ተፈልጧል፤ ሰው ይፍለጠው ጎርፍ ያጋጨው መለየቱ የአንቺ ሥራ ነው። ሐዳር አጠገብ ጎና ላይ ተመራማሪው ስለሺ ሰማው 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች ከእነ ንብርብራቸው ነው ያገኘው። እኔ ግን ከቦታው አንስቼ ለልጅ መጫወቻ አደረግሁት። ይህን ስላደረግሁ አዝናለሁ።

በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሶው ጋር ልኬዋለሁ። ቦታውን አልረሳሁትም፦ ከገዋኔ ወደ አዋሽ ስትመለሺ ሁለተኛው ትንሽ ድልድይ፣ በግራ በኩል፣ ከግራሩ ሥር። በወረቀቱ ጀርባ ሥዕል አድርጌልሻለሁ። ለመምህሮችሽ ከነሥዕሉ አሳዪያቸው። መልሱት ካሉሽ እኔው መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ውሃ ሳታስቢበት ወደ ሜዳ እንዳትወጪ፤ ሻሽሽንም እንዳትረሺ። እናንተ በምትወርዱበት ሳምንት ሐሙስ ሚሌ አድራለሁ። መምህሮችሽ ከፈቀዱ ደውይልኝ፤ መኪናዬን አቁሜ፣ በባቲ በኩል ታጥፌ እመጣለሁ።

አባትሽ