የቃኘው ነርሶችም ይታወሱ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ኮሪያ ዘማቾች ያወጡትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ፤ ሆኖም በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስለተነሣው የቃኘው ሻለቃ በተጻፈ ቁጥር፣ ቁስለኞችን ለማስታመም ባሕር ስለተሻገሩት ኢትዮጵያውያት ነርሶች አንድ አንቀጽ እንኳ አለመኖሩ ቅር ያሰኘኛል።

አክስቴ ከእነዚሁ አንዷ ነበረች። ለ1945 ዓ.ም. ገና ከጃፓን ለአያቴ የላከችው ደብዳቤ፣ ከአራት ታጥፎ በአያቴ ዳዊት ውስጥ ስለኖረ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ታኅሣሥ 16 ቀን በዓሉን አክብሮ እንደጨረሰ፣ እሷና የእኛ ቁስለኞች ግን 29ን እንደሚጠባበቁ፣ ቀኝ እጁ በፋሻ ለተጠቀለለ አንድ ወታደር ለእናቱ ደብዳቤ እንደጻፈችለት፣ እሱም «መቁሰሌን እንዳትጽፊ» ብሎ እንደለመናት ትተርካለች። ስለ ራሷ ድካም አንድ ቃል አልጻፈችም (የቤታችን ሴቶች ጠባይ ነው)፤ ይልቁንም ዶሮውን ማን እንደሚያርድላቸውና ጠላው ተጠምቆ እንደሆነ ደጋግማ ትጠይቃለች።

እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በሌሎችም ቤቶች ሣጥን ውስጥ አይጠፉምና፣ ለገና እትምዎ አንድ ገጽ ቢመድቡላቸው የአክስቴን ቅጂ ይዤ እመጣለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ